ካርቡራቶር ለንቦቹ መኪና

ማክሰኞ ጠዋት የአክስቷ የጭነት መኪና በሌላ መኪና ተጎትታ ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ፣ ፒንሳ ገና የቱታዋን ቁልፍ ቆልፋ አልጨረሰችም ነበር።

ፒንሳ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ከመሣሪያ ሣጥናቸው አንድ ብሎን አንስታ በመዳፏ ጨበጠች። ቢያባብሏት፣ ቢቆጧት፣ ከረሜላ ቢያሳዩዋት ወይ ፍንክች፤ ብሎኑን እንደጨበጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የትምህርት ቤት መዝገብ ብቻ ሆነ። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጋራዡንም የምታስተዳድረው እሷ ናት። አንዴ የያዘችውን አለመልቀቅ ግን ያው እንደ ልጅነቷ ነው።

አክስቷ ከመሪው ኋላ ዘላ ወረደች። የአባቷ ታናሽ እህት ናት፤ ስልሳ ሁለት ቀፎ ንብ አላት፤ ስታወራ እጇም እግሯም አብረው ያወራሉ። ነገሩን ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ሸለቆው ውስጥ ያለው አበባ ረግፎ አልቋል፤ ንቦቹ የሚቀስሙት አጥተው ቀፎ በር ላይ ተኮልኩለው ይውላሉ። ተራራው አናት ላይ ያለው ሜዳ ግን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማበብ ይዟል። እንደየዓመቱ ቀፎዎቿን ጭና ልትወጣ ተዘጋጅታ ሳለ፣ መኪናዋ ወንዝ ስትሻገር አንዴ አነጠሰችና ጸጥ አለች።

«እሁድ ካለፈ ቀፎ ሳይሆን ባዶ ሣጥን ነው የምጭነው» አለች አክስቷ።

ፒንሳ የመመርመሪያ መሣሪያዋን አምጥታ ሰካች። መሣሪያው ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ተነጋግሮ ጉድለቱን የሚናገር ነው፤ አባቷ «ወሬኛው» ይሉታል። የዛሬን ግን ወሬኛው ምንም የሚያወራው አላገኘም። ወንበሩ ሥር ያለችውን የኮምፒውተሩን ሣጥን ፈትታ ስታዘነብላት የወንዝ ውሃ ተንዶለዶለ። ውስጡ ሻግቶ አረንጓዴ ሆኗል፤ አንዱ ጥግ ከስሏል። ለስድስቱ ሲሊንደሮች ቤንዚን መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ፣ ካንዴላዎቹም መቼ እሳት እንደሚተፉ የሚያዘው ይኸው ኮምፒውተር ነው። እሱ ከሞተ ሞተሩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ የተኛ ሬሳ ነው።

እስከ እኩለ ቀን ስልክ ስትደውል ዋለች። አንዱ መለዋወጫ ሻጭ ሳቀባት። ሌላው እንዲህ ያለች መኪና አሁንም መንገድ ላይ ትታያለች ወይ ብሎ መልሶ ጠየቃት። የመጨረሻው ከውጭ ሊያስመጣላት እንደሚችል ነገራት፤ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ፒንሳ ይህንን ስትነግራት አክስቷ እጇን ማወናጨፍ አቆመች።

«የአንዲት ንብ ዕድሜ ስድስት ሳምንት ነው» አለች ዝግ ብላ።

ፒንሳ መኪናዋ ሥር ገብታ ተጋደመች። አንዳንድ ሰው ሲጨንቀው መንገድ ይሄዳል፤ እሷ ሞተር ሥር ትተኛለች። ባትሪዋን እያበራች የሞተሩን ጎን ስታይ፣ ከዘይት ማጣሪያው ከፍ ብሎ መዳፍ የማታክል ጠፍጣፋ ብረት በሁለት ብሎን ታስራ ተለጥፋለች። ይህችን ብረት ከዚህ በፊት አሥር ጊዜ አይታታለች፤ ለምን እዚያ እንዳለች ግን ጠይቃ አታውቅም። ፈታቻት። ከኋላዋ ዘይት የላሰ ጥቁር ቀዳዳ ወጣ። ሌባ ጣቷን ከተተችና አክስቷን ጠርታ ሞተሩን ከፊት በኩል በትልቁ ቁልፍ ቀስ እያለች እንድታዞረው ነገረቻት።

ዞረ፤ ምንም የለም። አሁንም ዞረ። ከዚያ ከውስጥ አንድ ለስላሳ ጉብታ መጣና ጣቷን ገፍቷት ሄደ። ደግሞ ዞሮ መጥቶ ገፋት።

ፒንሳ ምን እንደሆነ ገባት። ያ ጉብታ ሌላ ሥራ የለውም፤ የድሮዎቹን የካርቡራቶር መኪኖች የቤንዚን ፖምፓ እየገፋ የሚያሠራ ነው። ፋብሪካው ይህንን ሞተር መጀመሪያ የሠራው ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒውተር ለሚቀላቅለው ለካርቡራቶር ነበር ማለት ነው፤ በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ቦታውን አላፈረሰውም፣ ክዳን ገጥሞበት አለፈ እንጂ። ከመኪናዋ ሥር ስትወጣ ፊቷ በዘይት ተለቅልቆ ጥርሷ ብቻ ይታይ ነበር። አክስቷ የሞት መርዶ ይሁን የምሥራች መለየት አቅቷት ቆማ ታያታለች።

አባቷ እንደ ልማዳቸው ጋራዡ ደጃፍ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የተቀላቀሉ ብሎኖች በየመጠናቸው ቆርቆሮ ውስጥ ይለያሉ። ይህን ጋራዥ የከፈቱት እሳቸው ናቸው። አንድ ዘመን መኪና ከመታጠፊያው ብቅ ሳይል በድምፁ ብቻ «ሦስተኛው ካንዴላ አይሠራም» ብለው የሚፈርዱ ሰው ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ሁለቱም ጆሯቸው ተደፈነ። ሐኪሙ በጆሯቸው ውስጥ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ደርቀው መንቀሳቀስ አቁመዋል አላቸው። አሁን ግራ ጆሯቸው ሥር ካልጮኹላቸው አይሰሙም። የዚያን ሰሞን መሣሪያቸውን ለልጃቸው አስረክበው ወደ በርጩማው ሄዱ።

ፒንሳ ጎንበስ ብላ ግራ ጆሯቸው ሥር ጮኸች፤ ክዳኑን፣ ጉብታውን፣ ካርቡራቶር ልትገጥም ማሰቧን ሁሉ ነገረቻቸው። እንደሷ ዘለው ይነሳሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ዳዶ አንስተው ትክ ብለው ካዩ በኋላ፣ ያ ዘመን አልፏል፣ ኮምፒውተሩን ፈልጊ አሏት። ፒንሳ ያልሰሟት መስሏት ደግማ ጮኸች። ሰምተዋታል።

ይህ ነገር ጨርሶ አልገባ አላት። ዕድሜ ልካቸውን ኮምፒውተር ያለበትን ሞተር ሲያሙ የኖሩ ሰው ዛሬ ምን ነካቸው? ወደ አክስቷ ተመልሳ ስታማርር፣ አክስቷ በወንድሟ በኩል አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ማድረግ ባያስፈልጋትም።

«ወንድሜ ካርቡራቶር ጠልቶ አይደለም። የሚያስተካክለው በጆሮው ነበራ።»

ፒንሳ ግን የያዘችውን ሐሳብ አልለቀቀችም። ከሰዓት በኋላ አክስቷን አስከትላ ወደ አሮጌ መኪናዎች መጣያ ሄደች። የመጣያው ባለቤት ከጢሙ ሌላ ምንም የሚያሳስበው የሌለ ሰው ነበር፤ ጢሙን እያፍተለተለ፣ እንዲህ ያለ ሞተር ከታችኛው ጥግ የወደቀው የእሳት አደጋ መኪና ላይ ሳይኖር አይቀርም አላት። ቀዩ ቀለም በፀሐይ ነጥቶ ሮዝ ሆኗል፤ ሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋለች። ፒንሳ ኮፈኑን ስታነሳ ዶሮዋ በጩኸት አካባቢውን ቀወጠችው፤ ፒንሳም ኮፈኑ ሥር ያለውን ስታይ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ያው ሞተር ነው፤ የመጀመሪያው፣ የካርቡራቶሩ። ፖምፓው ጎኑ ላይ አለ። ቤንዚንና አየሩን ለስድስቱ ሲሊንደሮች የሚያካፍለው ባለ ስድስት ጣት ማከፋፈያ ብረት አለ። ያለ ኮምፒውተር ራሱ እሳቱን በጊዜው የሚያድለው ዲስትሪቢውተርም አለ። የዛጉትን ብሎኖች በዘይት እየነከሩ፣ በመዶሻ እየነካኩ፣ አንዳንዴም እየለመኑ ሁሉንም እስኪፈቱ ጀምበር አዘቀዘቀች። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካርቡራቶሩን ማንም ይሁን ማን ቀድሞ ነቅሎ ወስዶታል።

ፒንሳ ግን ካርቡራቶር የት እንዳለ ታውቃለች። የአባቷ መደርደሪያ ላይ፣ ከላይኛው እርከን፣ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ሦስት ዓመት ተቀምጧል።

ረቡዕ ጠዋት ሳታስፈቅድ አወረደችውና አባቷ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትፈታው ጀመር። አባቷ ብሎናቸውን እየለዩ በዓይናቸው ጠርዝ ያይዋታል። ፒንሳ ጂግለር የሚባለውን፣ ቤንዚኑ በልክ የሚሾልክበትን ባለ ቀጭን ቀዳዳ ናስ ለመንቀል፣ አፉ ሰፋ ያለ ካቻቢቴ አነሳች። ሆን ብላ ይሁን ሳታስተውል እስከ ዛሬ አትናገርም። ካቻቢቴው ናሱን ገና ሲነካው የአባቷ እጅ ከላይ መጥቶ ቀማት።

«ናሱን ልትበይው ነው እንዴ?» አሉና ካርቡራቶሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። የብሎኑ ቆርቆሮ ተደፋ። አላነሱትም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሦስቱም እንደ ጉንዳን ሆኑ። ፒንሳ ቤንዚን መርጫዎቹን፣ ቧንቧቸውንና እንደ አንጀት የተጠማዘዘውን የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎለጎለች ስታወጣ፣ ሞተሩ እንደ ተላጨ ሰው ፊት እየጠራ መጣ። አክስቷ ከእሳት አደጋ መኪናው የመጣውን ብረት በሽቦ ብሩሽ ስትፈገፍግ፣ ከዝገቱ በፊት ቆዳዋ ያልቅ ይመስል ነበር። አባቷ ደግሞ ካርቡራቶሩን በቤንዚን አጥበው፣ እያንዳንዷን ቀዳዳ በአፋቸው እየነፉ፣ ወደ ፀሐይ አንስተው በአንድ ዓይናቸው አጮልቀው ያያሉ። ፒንሳ ታንኩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ቢቀር ምን አለበት ብላ ስትጠይቃቸው፣ እንደ ተማሪ ገሠጿት። ያ ፖምፓ ለመርጫዎቹ የተሠራ ነው፣ ግፊቱ ሌላ ነው። «ካርቡራቶር እየተጎነጨ ነው የሚጠጣው፤ እሱ በቧንቧ ይግተዋል» አሉ። ፖምፓው ወጣ።

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻው ዳዶ ጠበቀ። አክስቷ መሪው ላይ ተቀመጠች፤ ፒንሳ ኮፈኑ ሥር ሆና ምልክት ሰጠቻት። ሞተሩ እየዞረ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አጉረመረመ። ከዚያ በካርቡራቶሩ አፍ የእሳት ምላስ ተተፋና የፒንሳን ግራ ቅንድብ ላሰው። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። አክስቷ ከመኪናው ልትዘል ስትል አባቷ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ በሳቃቸው መሀል ዲስትሪቢውተሩን ጀርባውን አዙራ እንዳስገባችው ነገሯት። እሳቱ መምጣት ካለበት ግማሽ ዙር ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ፒንሳ ባለ አንድ ቅንድብ ሆና እንደገና ፈታችው፤ አዙራ አስገባችው፤ ለአክስቷ እንደገና ምልክት ሰጠቻት።

ሞተሩ ተነሳ።

ተነሳ ብቻ ሳይሆን ጋራዡን አንቀጠቀጠው። አክስቷ መሪውን በሁለት እጇ ትደበድባለች፤ ፒንሳ የምትጨብጠው አጥታ የራሷን እጅ ትጨብጣለች። ነገር ግን አክስቷ እግሯን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ሞተሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ያቃስታል፣ ይጠፋል። ደግመው አስነሱት፤ ያው ነው። ሞተሩ ሳይነዳ ዝም ብሎ የሚሠራበትን ፍጥነት፣ ሚኒሞ የሚሉትን፣ አባቷ በዓይናቸው ሊያስተካክሉት ሞከሩ፤ ጭሱን አዩ፣ መዳፋቸውን የጭስ ማውጫው ማርሚታ አፍ ላይ አድርገው ትንፋሹን ለኩ። አልሆነም። ፒንሳ ጆሯቸው ሥር እየጮኸች ድምፁን ልታስረዳቸው ብትሞክር ፊታቸው ጠቆረ።

«ድምፅ በወሬ አይሰማም፣ ልጄ» አሏት።

ቢሆንም ከሞተሩ አልሸሹም። በግራ እጃቸው የነዳጅ ገመዱን፣ በቀኛቸው የአየር መዝጊያውን ይዘው፣ ረጅሙን ካቻቢቴ እንደ ድሮ ልማዳቸው እጀታውን በጥርሳቸው ነክሰውታል። ሞተሩ እያቃሰተ ሳለ ከሥር ያለውን ቧንቧ ለማየት ጎንበስ ሲሉ የካቻቢቴው ጫፍ ማከፋፈያ ብረቱን ነካ።

አባቷ ቀጥ አሉ። ፒንሳ ኤሌክትሪክ የያዛቸው መስሏት እጇን ዘረጋች፤ በክርናቸው ገፏት። ካቻቢቴውን ከአፋቸው ሳያወጡ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ማንም አልገባውም። ጫፉን ከብረቱ አነሱ፤ መልሰው አስነኩ። አነሱ፤ አስነኩ። ዓይናቸው ቀስ በቀስ የሚሰፋ መሰለ። በመጨረሻ ካቻቢቴውን ከአፋቸው አወጡ።

«እየሰማሁት ነው» አሉ።

በኋላ እንደነገሯት ድምፁ በጆሯቸው አልገባም። በጥርሳቸው፣ በመንጋጋቸው አልፎ ራስ ቅላቸው ውስጥ ነው የሞላው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው፣ እንደሚያውቁት ሰው እርምጃ። የዚያን ጊዜ ግን ለማብራራት ጊዜ አልነበራቸውም። ካቻቢቴውን ነክሰው ጫፉን በማከፋፈያ ብረቱ ጣቶች ላይ አንድ በአንድ ያስነኩ ጀመር። መጀመሪያው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሦስተኛው ላይ ቆሙና በጣታቸው ደጋግመው ጠቆሙ። እዚያ ጋ ያፏጫል፤ አየር ይገባል። ፒንሳ ባትሪዋን አበራች፤ በብረቱና በሞተሩ መሀል ያለው የወረቀት ማሸጊያ ሦስተኛው ጣት ላይ ከቦታው ተንሸራትቷል። ሞተሩን አጥፍተው ፈቱት፤ አዲስ ቆርጠው አስገቡ፤ ዳዶዎቹን ፒንሳ ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ አጠበቀቻቸው።

ሲያስነሱት አባቷ የካርቡራቶሩን ማስተካከያ ብሎን በሩብ ዙር፣ ከዚያም ከሩብ ዙር ባነሰ አዞሩ። ጥርሳቸው ካቻቢቴው ላይ ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሞተሩ ረጋ። በጣም ከመርጋቱ የተነሳ አክስቷ በመስኮት ብቅ ብላ ጠፋ እንዴ ብላ ጠየቀች። ፒንሳ አልጠፋም ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗም እንባ ሞልቶት ነበር። የሳቋ ይሁን የጭሱ፣ የጠየቃት ሰው የለም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ንቦቹ ገና ሳይወጡ፣ የቀፎዎቹን በር ዘግተው ስልሳ ሁለቱንም ጫኑ፤ በገመድ አሰሩ። አባቷ ማንም ሳይጋብዛቸው ጋቢና ገብተው መሀል ላይ ተቀመጡ። ካቻቢቴው እጃቸው ላይ ነው፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ በክብሪት ቀፎ ያደረጓቸው ሦስት ጂግለሮች አሉ። ፒንሳ ነዳች። ሜዳውን አቋርጠው ዳገቱን ሲጀምሩ መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ እንደ ወጣት በሬ ገፋች። ከኋላ የንቦቹ እምምታ ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ ሆኖ ወንበሩን ያርገበግበዋል። አባቷ የካቻቢቴውን ጫፍ የማርሹ ዘንግ ላይ፣ እጀታውን ጥርሳቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ፈገግ ይላሉ፤ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል፤ ግድ አልነበራቸውም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ፈገግታቸው ቆመ። እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። ፒንሳ ምንም አልተሰማትም ነበር፤ በመስተዋቱ ስታይ ግን ጭሱ ጠቁሯል። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ቤንዚኑ በዝቶበታል አሏት። ኮምፒውተሩ ቢኖር ይህን ራሱ ያስተካክለው ነበር፤ አሁን ግን ኮምፒውተሩ እሳቸው ናቸው። ፒንሳ በጋለ ሞተር ላይ ጣቷን እየተለበለበች የካርቡራቶሩን ክዳን ፈታች፤ አባቷ ከክብሪት ቀፎው ባንድ ቁጥር የጠበበውን ጂግለር መርጠው ሰጧት። አክስቷ ከኋላ ሆና በቀፎዎቹ ላይ ውሃ እየረጨች ፀሐዩ እየበረታ ነው እያለች ታቻኩላለች። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ሲነሱ ጭሱ ነጥቶ ጠፋ፤ መኪናዋ ሳታቃስት አናቱን ወጣች።

ሜዳው እስከ ሰማዩ ጫፍ ቢጫ ሆኖ ጠበቃቸው። ቀፎዎቹን በመስመር ደርድረው በሮቹን ከፈቱ። ንቦቹ መጀመሪያ አንድ ሁለት እያሉ ወጡ፤ አየሩን ዞረው አዩት፤ ከዚያ እንደ ጭስ ተግተልትለው አበባው ላይ ወረዱ። አክስቷ ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለችና ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ አረፈ።

ሲመለሱ አክስቷ ከንቦቿ ጋር ቀረች። ቁልቁለቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል፤ ሹፌሩ እጁን አውለብልቦ አስቆማቸው። ኮምፒውተሩ አስቸግሮት መንገድ ላይ መቅረቱ ይህ ሦስተኛው መሆኑን ለፒንሳ እየነገራት ሳለ፣ አባቷ ከንፈሩንና የተከፈተውን ኮፈን ተመልክተው ነገሩ ገባቸው። በፒንሳ ላይ አልፈው በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ሰኞ ጠዋት ጋራዥ አምጣው። ካርቡራቶር እንገጥምልሃለን።»

ፒንሳ ግራ ጆሯቸው ሥር ሆና የሰውየው መኪና የናፍጣ መሆኑን፣ ናፍጣ ደግሞ ካርቡራቶር እንደማይገጠምለት ጮኸች። አባቷ መለስ ብለው መኪናውን አዩ፤ ሰውየውን አዩ፤ ካቻቢቴውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ቢሆንም ያምጣው» አሉ።